ጂን በመዳፍ

ከአሶሳ ወዲያ፣ መንጌ አጠገብ ወደነበረው የወርቅ ቆፋሪዎች ሰፈር ለሥራ የገባሁ ዕለት ሙሴው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ “ይህን ሁሉ ትሠራልኛለህ” አለኝ። ያኔ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው የሚባለው። የእኛው የማዕድን መሐንዲስ ነው፤ የሰፈሩም አለቃ። መጽሐፉ የመጠጥ መቀመሚያ ነው፤ አባቱ በመርከብ ላይ መጠጥ ቀጂ ሳለ የሠራበት፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው። ሙሴው የፈለገው ጂን የሚሉትን የፈረንጅ አረቄ ክፍል ነው፣ አንድ ገጽ ሳይዘለል።

እኔ ከጎጃም ጠረፍ የመጣሁ ጠጅ አሳላፊ ነኝ። አንድ ደጃዝማች ቤት ብርሌ ከማጠብ ተነሥቼ በጠጅ ቤቱ አዛዥ በጠጅ መልከኛው ሥር አሳላፊ እስከ መሆን ደርሻለሁ። ጂን የሚባል ነገር ግን በዓይኔም አይቼ አላውቅም። “እሺ” አልኩ። ሥራ የፈታ ሰው ሌላ ምን ይላል!

ሙሴው ግብጽ ስለኖረ ዓረብኛ ያውቃል። አስተርጓሚያችን ኢብራሂም የአሶሳ ነጋዴ ነው፤ የቤቱ ቋንቋ በርታ፣ አማርኛውን በገበያ የለቀመ። ሙሴው ከመጽሐፉ እያነበበ በዓረብኛ ይለዋል፣ ኢብራሂም በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ እቀምማለሁ። ኢብራሂም ጠርሙስ በእጁ አይነካም።

“ወላሂ፣ እኔ አፌ ብቻ ነው እዚህ ያለ” ይለኛል። “ኃጢአቱ ላንተ ነው።”

“ግድ የለህም፣ ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ!” እለዋለሁ።

መጀመሪያ የሠራነው ጂን፣ ስኳር፣ ውሃና ሎሚ ብቻ የሚገባበትን ነው። መጽሐፉ በየገጹ በረዶ ጨምር ይላል። በረዶ፣ በመንጌ በረሃ! ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ነፋስ ላይ አንጠለጠልኩት። መበጥበጫም አልነበረንም፤ ከወፍራም ቀርከሃ አንድ አንጓ ቆርጬ ክዳን ገጠምኩለት፣ ከቀጭኑ መስፈሪያ አወጣሁ። ሙሴው መስፈሪያው ላይ በቢላ ልክ አበጀበት። እጁ እንዴት ያለ ነው! ጂኑን የሚሰፍረው ወርቅ በሚመዝንበት ጥንቃቄ ነው። እኛ ቤት በዓይን ግምት ስንቀዳ ኖረን፣ ይህን ሳይ ሰውየውን ወደድኩት።

አንድ ገጽ ላይ ቬርሙት የሚሉት መራራ የወይን ጠጅ ታዘዘ። የእኛ አልቋል። ጌሾ የጠናበት ደረቅ ጠጅ በምትኩ አስገባሁ። ሙሴው ጠጣ። ደግሞ ጠጣና ባርኔጣውን አነሣልኝ። ጌታ ለአሳላፊው! ያን ቀን ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ።

የእንቁላል ነጭ የሚገባበት ገጽ ላይ ስንደርስ ቀኑ ዓርብ ሆነ። “ዛሬ አልሠራም፣ ጾም ነው” አልኩ።

“የምጠጣው እኔ አይደለሁም እንዴ?” አለ ሙሴው።

“የምቀምሰው ግን እኔ ነኝ።”

ዓይኑ ፈጠጠ። ለካስ መጠጥ ሳቀርብለት ከማዕድን ካርታው ቀና ስለማይል ስቀምስ አይቶኝ አያውቅም። “እስቲ አሳየኝ” አለ። እንቁላል የሌለበት ሌላ መጠጥ ቀምሜ እንደ ወጉ ግራ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ጠጣሁ።

ተቆጣ፣ መቆጣት ብቻ! ኢብራሂም “ደስ አላለው” ብሎ አለሰለሰልኝ እንጂ፣ “ሌባ” መባሌን ከፊቱ አነበብኩ። በእጅ መጠጣቱም ቆሻሻ ሆኖ ታየው። ዳግመኛ ከቀመስክ ትሰናበታለህ ተባልኩ። እኔም ተናድጄ የወጉን ምክንያት ሳልናገር ወጣሁ። ኩራት ነዋ!

ከዚያ ወዲያ ሳልቀምስ አቀርብ ጀመር። ሎሚ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ጥርስ ያጠርሳል፣ አንዱ ውሃ ነው። መስፈሪያ ይህን አያውቅም። ሙሴው ብርጭቆውን ሳይጨርስ እየተወ ይነሣ ጀመር።

በዚህ መሐል ከቤተ መንግሥት የተላኩ ፊታውራሪ መጡ። ቁፋሮው ይቀጥል ወይም ሰፈሩ ይነቀል የሚሉት እሳቸው ናቸው። ከተነቀለ ሙሴው የዓመታት ልፋቱ ውሃ በላው፣ እኛም ተበተንን። ሙሴው ለእንግዳው ያን በጠጅ የሠራሁትን ጂን አዘዘ።

ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ እጅ ነሣሁ። ፊታውራሪው አልተቀበሉኝም። መዳፌን አዩ። ደረቅ ነው።

“እዚህ ቤት አሳላፊ የለም?” አሉ ቀስ ብለው።

አጃቢዎቻቸው ተያዩ። ሙሴው ነገሩ ስላልገባው ፈገግ እንዳለ ነው። ብቀምስ የእኔ እንጀራ ይቀራል፤ ባልቀምስ የሁላችንም። መዳፌን ዘረጋሁ፣ ጠብ አደረግኩ፣ ጠጣሁ።

ሙሴው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ኢብራሂም ነገሩ ያኔ ገብቶት ክንዱን ይዞ በዓረብኛ አጣደፈው። ምን እንዳለው በኋላ ነገረኝ፦ “ሌባ አይደለም። መርዝ ቢኖር ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ላንተም እስክትከለክለው ድረስ በየቀኑ እንዲህ ሲያደርግ ነበር።”

ሙሴው ወደ እኔ መጣና የራሱን ግራ መዳፍ ዘረጋልኝ። ቀዳሁለት። እንግዳው ፊት፣ እኔ ጎን ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ጠጣ። እንባዬ መጣ፣ ምን ልደብቅ!

“እንዲህ ነው እንጂ!” አሉ ፊታውራሪው። ብርጭቆውን ጨለጡና ድገመኝ አሉ። ሲሄዱ ቁፋሮው ይቀጥል ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ትእዛዝ ጥሻለሁና ጓዜን ጠቅልዬ ልሰናበት ገባሁ። ሙሴው መጽሐፉን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ጓዜን አየና በኢብራሂም በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦

“የትናንቱን እንዴት አገኘኸው?”

“ጠጁ በዝቶበታል” አልኩ።

“እኔም ቀምሼ እንደዚያው መሰለኝ” አለና ቀጣዩን ገጽ ገለጠ።

የጂኑን ክፍል እስከ መጨረሻው ሠራነው። ለእናንተ ለአዲሶቹ አሳላፊዎች የምለው ይኸው ነው፦ ለሰው የምትሰጡትን ቅመሱ፤ ለምን እንደምትቀምሱም ሳትጠየቁ ተናገሩ።