በራጅ ላይ የተቆረጠ ቃል

ጎረቤቴ ሔሩይ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሠላሳ ዓመት ጽሑፍ ሲጽፍ ኖሯል። የሱቅ ስም፣ የበዓል ጨርቅ፣ የምርጫ መፈክር፣ ያልጻፈው የለም። ፊደሉን ከሐኪም ቤት የተጣለ አሮጌ የራጅ ፊልም ላይ በምላጭ ይቆርጥና ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ቀለም ይቀባበታል። አንዴ የተቆረጠ ራጅ አይጣልም፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ተራውን ይጠብቃል።

ጦርነቱ ሲመጣ መፈክር በጥድፊያ አዘዙት። አዲስ ለመቁረጥ ጊዜ ስላልነበረው ለጥምቀት የሠራውን «እግዚአብሔር ምስሌነ» የሚለውን አወረደ። ከተማዋ በሌላው ወገን እጅ ስትገባ የገቡትም ያንኑ አስጻፉት፤ ግዕዝ ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው፣ ከእነሱም ጋር ነው። ድሮ ይህን እያወራ ይስቅ ነበር፤ አሁን መሳቁም ደክሞታል። ያጋደለን ሃይማኖት ነው፣ የለም ፖለቲካ ነው እያልን ስንጨቃጨቅ የእሱ መልስ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ዘማች የሚጭነው መኪና ይሰለፋል፣ ከዚያ እኔን ይጠሩኛል፣ ቃል ቀድሞ መኪና ሲከተለው አላየሁም ይላል። ይህን የሚናገረው ለእኛ ሳይሆን ለራሱ እንደሆነ ከገባኝ ቆይቷል።

ምክንያቱ ኣባዲ ነው፣ የጎረቤታችን የለተመድህን ልጅ። ያኔ የመፈክሩ ቀለም ሳይደርቅ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ አነበበና እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሔሩይ ሥራ በዝቶበት ስለነበር ቀና እንኳ ሳይል «እውነት ነው» አለው። ልጁ ዘመተ። መርዶው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከብዙዎች መርዶ ጋር መጣ።

ባለፈው ሳምንት ለተመድህን የልጇን ፎቶ ይዛ መጣች፣ ከሥሩ ስሙ እንዲጻፍላት። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። ሔሩይ ብሩሹን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ስንት ዓመት ይዞት የኖረውን ነገር ነገራት። ልጅሽን የላክሁት እኔ እንዳልሆን ፈራሁ አላት። 

እሷ ፎቶውን ከብሩሹ አጠገብ አስቀመጠች።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ለመዝመት ተመዝግቦ ነበር» አለችው።

ሔሩይ በረጅሙ ተነፈሰ። የስንት ዓመት ክርክሩን የረታ መሰለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ወደ አንተ የመጣው ለእኔ የሚለው ቢያጣ ነው። በር ላይ እጁን ይዤ አልለቅህም አልኩት። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው፣ ሔሩይም እውነት ነው ብሎኛል አለኝ። ያኔ ለቀቅሁት።»

ሔሩይ ብሩሹን እንደገና አነሳ። ሌሎች እንደሚያስጽፉት ከስሙ በላይ «ሰማዕት» ይጨመር እንደሆነ ጠየቃት። ስሙ ብቻ ይበቃል አለችው። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ራጆች ሳያይ ስሙን በእጁ ጻፈላት።