የአርጩሜ ወግ

የወንድሜ ልጅ ሕይወት ቴሌግራም ላይ ልብ ወለድ ትጽፋለች። ጠዋት ታስተምራለች፤ ከሰዓት የእኔ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ አንድ ክፍል በስልኳ ጽፋ ትለጥፋለች፤ አንባቢዎቿም ከየአገሩ የሳቅ ምልክት ይልኩላታል። ባለፈው ሳምንት እኔ ምስር ስለቅም ድንገት ቀና አለችና፣ "አክስቴ፣ አባትየው ልጅቷን ሊገርፋት ነው። 'ለጠለጣት' ይሻላል ወይስ 'ቆነደዳት'?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ምን አጥፍታ ነው?"

"ብርጭቆ ሰብራ። ዋናው ግን እሱ አይደለም፤ ሰው የሚወደው ግርፊያውን ነው። ስሚው እስቲ።"

አነበበችልኝ። አርጩሜው አየሩን ሰነጠቀው። ልጅቷ ሰማይና ምድር ዞረባት፤ ዓይኗ ላይ ኮከብ አየች። መጨረሻ ላይ አድጋ ዶክተር ትሆንና "ያ ዱላ ባይኖር ዛሬ ሰው አልሆንም ነበር" ትላለች። ባጃጅ በደጃችን እየጮኸ አለፈ። እኔ እጄ ምስሩ ላይ እንዳለ ቀረ። እነዚያን ቃላት ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። የተማርኳቸው እዚሁ ሰቆጣ፣ በወጣትነቴ ነው።

ሰቆጣ የመጣሁት ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ ዕጣ ጥሎኝ ነው። አውቶቡሱ ከወልዲያ ተነስቶ ዳገትና ቁልቁለቱን ሲታገል ውሎ አመሻሽ ላይ አራገፈን። ፀጉሬ በአቧራ ነጭ ሆኖ ነበርና መታጠቢያ ውሃ ብጠይቅ "ውሃ የሚመጣው ነገ ነው" አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት ትዛወሪያለሽ ተብዬ ነበር። ይኸው ጡረታ ወጥቼም አለሁ።

ሰው ሲበዛ ብቸኝነት አይኖርም የሚል ካለ የጤና ጣቢያ ወረፋ አላየም። በዚያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ በሰው ተከብቤ እውላለሁ። በሽተኞቼ እርስ በርሳቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ወደ እኔ ሲዞሩ የት ላይ እንደሚያማቸው በአማርኛ ነግረውኝ ያበቃሉ። ጨዋ ናቸው፤ ግን እኔ ለእነሱ መርፌ ነኝ። ማታ ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ ከጠዋት ጀምሮ ስሜን የጠራኝ ሰው እንደሌለ ትዝ ይለኛል። እንዲያ ሆኜ ያለቀስኩባቸው ቀናት ነበሩ።

ከዚህ ያዳነኝ የእሁድ ምሳ ነው፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ከሌላ አገር ተመድበን የመጣን ሠራተኞች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጌታሁን ቤት እንሰበሰባለን። ጌታሁን የእርሻ ባለሙያ ነው፤ ጎጃሜ፣ ረጅም፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ። የተከራየው ከድሮዎቹ የድንጋይ ቤቶች አንዱን ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውጭው ሲግል ውስጡ ይቀዘቅዛል። አንዱ ሽሮ፣ አንዱ የማሽላ እንጀራ ያመጣል። ቆላው ወረዳ ዝቋላ ለሥራ የወረደ ሰው ካለ ደግሞ ማር ይዞ ይመለሳል፤ ያን ቀን ምሳው ድግስ ነው።

ከምሳ በኋላ የአርጩሜ ወግ ይመጣል። እንዴት እንደተጀመረ አላውቅም፤ እኔ ስደርስ ልማድ ሆኖ ነበር። ተረኛው በልጅነቱ የተገረፈበትን ቀን ያወራል፤ ሌሎቻችን እንስቃለን። ወጉ ደንብ አለው። ጥፋቱ ትንሽ መሆን አለበት፤ ወተት መድፋት፣ ጥጃ ማስጠባት። ከዚያ አባት "አርጩሜውን ራስህ ቆርጠህ አምጣ" ይላል፤ ልጅ ቀጭኗን መርጦ ያመጣል፤ አባት ይጥላትና ወፍራሙን ያስመጣል። "መታኝ" ማለት ነውር ነው፤ ወግ አያውቅም ያሰኛል። ጎጃሜው "ዠለጠኝ"፣ ወሎየው "ነረተኝ"፣ ጎንደሬው "ጠበጠበኝ" ሲል ቤቱ በሳቅ ይሞላል። በመጨረሻ እናት "በእኔ ሞት!" ብላ ትደርሳለች፣ ባለወጉም "ያ ዱላ ባይኖር ዛሬ ሰው አልሆንም ነበር" ብሎ ይዘጋል። ሁላችንም "እሰይ፣ ደግ አደረጉ" እንላለን። በዓመት ውስጥ የሰማሁት ወግ ሁሉ አንድ ሰው ብቻ የተገረፈ ያስመስላል።

እኔ እየሳቅሁ እሰማለሁ እንጂ ተረኛ ሆኜ አላውቅም። የምናገረው አጥቼ አይደለም። አንድ ቀን ብናገረው አንድ ሰው በደንብ ይሰማኛል የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ ያ ሰው ደግሞ ጌታሁን እንዲሆን እፈልግ ነበር። እወደው ነበር። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ተራዬ የደረሰው በግንቦት፣ ደመናው እየመጣ ሳይዘንብ በሚመለስበት ሰሞን ነው። "ዛሬ ነርሷ ናት" አለ ጌታሁን፣ እና የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

ደብረ ታቦር አጎቴ ቤት ተቀምጬ ስማር የፋኖስ መስታወት እንደሰበርኩ ነገርኳቸው። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። አጎቴ አርጩሜ አላስመረጠኝም፤ ቀበቶውን ነው የፈታው። እዚህ ላይ "ለጠለጠኝ" ልል አፌን ከፈትኩና "መታኝ" አልኩ። ማንም አልሳቀም። አልማዝ የምትባል የሂሳብ መምህርት ፍርፋሪ መሰብሰብ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ምን እንደምል ጠፋኝ፤ የሚቀጥለው ነገር በወጉ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ጌታሁን አዘነልኝና ሊያወጣኝ ፈለገ። "እናትሽስ? መቼም እናት ሰምታ ዝም አትል።"

ሁሉም ጠበቁ። ያን የሚጠብቅ ፊታቸውን ዛሬም አየዋለሁ።

"ደረሰች" አልኩ። "በእኔ ሞት ብላ መሃል ገባች።"

"እሰይ የእናት ነገር!" አሉ። ጌታሁንም "ያ ዱላ ባይኖር ዛሬ ነርስ አትሆኚም ነበር" ብሎ መዝጊያውን ራሱ ዘጋልኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ክፋት የለበትም፤ ለእኔ ብሎ ነው። ግን ከዚያ ቤት የወጣሁት ከገባሁት ይበልጥ ብቻዬን ሆኜ ነው።

ቤት ስደርስ አከራዬ እትዬ ለምለም ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለጠላቸው የጌሾ ቅጠል ከእንጨቱ ይለያሉ። ቁጡ ሴት ናቸው። ከእኔ ጋር የሚነጋገሩት ስለ ኪራይና ስለ ውሃ ነበር፤ አማርኛቸውም ለዚያ የሚበቃ ነው።

"ሐኪሟ፣ ዛሬ ቶሎ መጣሽ። ምን ስታወሩ ዋላችሁ?"

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ ወጉን እንዳለ ደገምኩላቸው። መስታወቱን፣ ቀበቶውን፣ "እናቴ ደረሰች"ን። አልሳቁም። የሚሳቅበት ቦታ የት እንደሆነ የነገራቸው የለም።

"እናትሽ አገር ቤት አልነበረችም እንዴ?" አሉ፣ እጃቸው ሳያቆም።

"ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ለአጎቴ ቅቤ ይዛ።"

"የት ሆና ሰማች?"

"ከመጋረጃው ማዶ።"

"እህ። ቅርብ ናት።"

"ቅርብ ነበረች" አልኩ። "አልገባችም፣ እትዬ። ጥላዋ መጋረጃው ላይ ይታየኝ ነበር። ቆማ ነበር። አልገባችም።"

የቀረውንም ነገርኳቸው። አጎቴ ከወጣ በኋላ እናቴ ገብታ ያንኑ ያመጣችውን ቅቤ እግሬን እንደቀባችኝ፣ እየቀባችም "ለጥሩሽ ነው ልጄ" እንዳለችኝ። ከቀበቶው ይልቅ እሱ እንዳመመኝ።

እትዬ ለምለም አይዞሽ አላሉኝም። ያልተነካውን የጌሾ እስር ለሁለት ከፈሉና ግማሹን ወደ እኔ ገፉት። ተቀምጬ ቅጠሉን ከእንጨቱ ለየሁ። ዕንባዬ ይወርዳል፣ እጄ ይሠራል። ጥላው ሸሽቶ ፀሐይ እግራችን ላይ እስኪደርስ እንዲሁ ስንሠራ ቆየን። ሲጨርሱ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሱና፣ "ነገ ደግሞ ሌላ እስር አለ" አሉኝ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ የጌሾ ረዳታቸው እኔ ነበርኩ። ስለዚያ ነገር ግን ዳግመኛ አላነሱብኝም፤ እኔም አላነሳሁም። እሁድ እሁድም ጌታሁን ቤት መሄዴን አልተውኩም፤ እንደሌላው "እሰይ" እላለሁ። ጌታሁን ተዛወረና አገሩ ገብቶ አገባ፣ የሠርግ ጥሪ ደርሶኝ ነበር፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ ቀረሁ።

እናቴ ለምን እንዳልገባች ዛሬ አውቃለሁ። መሃል ብትገባ አጎቴ "ታዲያ ይዘሻት ሂጂ" ይላታል፤ ይዛኝ ከሄደች ትምህርቴ ያበቃል። ያን ሁሉ ያሰበችው መጋረጃው ጋ ቆማ ነው። ነርስ የሆንኩት በዚያ ዱላ ሳይሆን በዚያ መቆም ነው፤ እሷም ምን እንደከፈለች ሳትነግረኝ፣ እኔም ሳልጠይቃት ሞተች። "ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል" ይባላል። የተቀጣም ያለቅሳል፤ አርጅቶም ያለቅሳል።

ሕይወት አሁንም መልስ ትጠብቃለች፤ ለጠለጣት ወይስ ቆነደዳት።

"እናትየዋ የት ናት?" አልኳት።

"የማን? የልጅቷ? አልጻፍኳትም።" ትንሽ አሰበች። "ወጥ ቤት ትሁን?"

"ከመጋረጃው ማዶ አድርጊያት። ጥላዋ ይታይ።"

ጣቶቿ ስልኩ ላይ ጥቂት ሄዱና ቆሙ። "አክስቴ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ አያስቅም።"

"አያስቅም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እሺ፣ ምን ትበላት?" አለችኝ። "ለጥሩሽ ነው ትበላት?"

"ምንም አትበላት" አልኳት። "ትግባ ብቻ።"