ሙቅ ኮፈን

ልጄ የተበላሸ መኪና እየጎተትኩ እሠራለሁ ብሎ፣ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ሊገዛ ጅጅጋ ውስጥ ከአጎቴ ልጅ ጋር ሲደራደር፣ የናፍጣው ሽታ ልጅነቴን መለሰብኝ።

አባቴም እንዲህ ያለውን ከዚያው አጎቴ ባቢሌ ላይ ሲገዛ፣ አያቴ «ሳይነሳ ኮፈኑን ንካው። ቀድሞ ሞቆ ከጠበቀህ በሽታ አለበት፤ ሞተሩ ደክሞ ሲቀዘቅዝ እንደማይነሳ እንዳታይ ነው ያሞቁት» አለችው።

አጎቴ ሳቀ። «እማዬ፣ ወንድሜ እኔን ሊፈትሸኝ ነው?»

አባቴ አፍሮ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

ገዝቶት ብዙም ሳይቆይ፣ ካራማራ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ሲጎትት ሞተሩ ጠፋበት፤ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገደል ገባ። በለቅሶው ደረቱን አብዝቶ የደቃው አጎቴ ነበር።

ዛሬ ማንንም ሳላስፈቅድ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል።

«ፀሐይ ነው፣ እትዬ» አለ የአጎቴ ልጅ።

«እማዬ፣ ዘመድ እኮ ነው፤ አታሳፍሪኝ» አለኝ ልጄ።

መኪናው የቆመው ጥላ ውስጥ ነበር።