የጭድ ፍራሼና የኅዳር ጭስ

መጀመሪያ ያሳከከኝ ላንቃዬን ነው። መስከረም ጠብቶ ሜዳው አበባ ሲሆን ላንቃዬን ይበላኛል፣ ዓይኔ ይቀላል፣ ከዚያ ማስነጠስ ነው። ቢቸና ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤቴ ዘሃራ፣ «ያንቺ ማስነጠስ እያለ እኛ ቀን መቁጠሪያ አንገዛም» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም እስቅ ነበር። ጉንፋን ነው፣ ይሄዳል ብዬ።

አምና ግን አልሄደም። ጥቅምትን ሙሉ ሳል ይዞኝ ከረመ። ደረቴ ሲር ሲር ይላል። ዳገት ስወጣ መሐል ላይ እቆማለሁ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ታላቅ እህቴ በሳንባ ነቀርሳ ነው የሞተችው፣ እሷንም እንዲህ በሳል ነው የጀመራት።

ይህን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ትዕግሥት ትምህርት ቤቱ ስለሚቀርባት ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። አስተላልፍባታለሁ ብዬ ለማንም ሳልናገር መኝታዋን ለየሁ፣ መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፍኩላት። ኩባያዬንም ለየሁ። «እናትዬ፣ ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ። ታንኮራፊያለሽ ብዬ ዋሸኋት።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በኛ አገር የዚያን ቀን ቤት ተጠርጎ ጥራጊው ደጅ ላይ ይቃጠላል፣ ጭሱ በሽታ ያስወጣል ይባላል። እኔም የፍራሼን አሮጌ ጭድ ዘርግፌ እሳቱ ላይ ጣልኩት። ከአውድማ የመጣ አዲስ የጤፍ ጭድ በእጄ እያራገፍኩ ሞላሁበት። ኋላ በሽታው ይውጣልኝ ብዬ ነጠላዬን ተከናንቤ ጭሱ ላይ አጎነበስኩ። አብዝቼ ሳብኩት።

ከሰዓት አዲሱ ፍራሽ ላይ ጋደም አልኩ።

ትንፋሽ አጠረኝ። ተነሥቼ ተቀመጥኩ። አልለቀቀኝም። አየሩ ይገባል፣ አይወጣም። ልጮህ ብል ድምፅ የለኝም። ጥፍሬን አየሁት። ጠቁሯል። ትዕግሥት ከትምህርት ቤት ገባች። እንዳትቀርበኝ በእጄ አባረርኳት። እያለቀሰች ሮጠች። ዘሃራን ይዛ ተመለሰች።

ዘሃራ ባጃጅ ጠርታ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። አፍና አፍንጫዬን ሸፍነው በእንፋሎት የሚሳብ መድኃኒት ሰጡኝ። ቀስ እያለ ደረቴን ከፈተልኝ። በማግሥቱ ሳንባሽ በራጅ ይታይ ብለው ወደ ሞጣ ላኩኝ። አውቶቡስ ላይ ዘሃራ እጄን ይዛኛለች፣ እኔ የማስበው ልጅቱን ነው። ከያዛትስ?

ሞጣ ያየችኝ ሐኪም ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ራጅ አስነሣችኝ፣ አክታዬንም አስመረመረች። ውጤቱ እስኪመጣ ግድግዳውን ነበር የማየው።

«እማማ፣ ነቀርሳ የለብዎትም» አለችኝ። «አለርጂ ነው፣ አሁን አስም አምጥቶብዎታል። ለመሆኑ ምን ላይ ነው የሚተኙት?»

ነገርኳት። የጭሱንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ስል እጄን ያዘችኝ።

«የሣሩ አበባ ብናኝ ጀመረው፣ የጭዱ አቧራና ጭሱ አባባሱት። ያ ፍራሽ ከቤት ይውጣ።»

ዘሃራ እፎይ ብላ፣ «እኔ በበርበሬዬ የገደልኳት መስሎኝ ነበር» አለች። ሐኪሟም ሳቀች።

በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ሁለት ፓፍ ሰጠችኝ። አንደኛው ቢሻለኝም ባይሻለኝም ጠዋትና ማታ የሚሳብ ነው፣ ከሳብኩ በኋላ አፌን በውሃ እጉመጠመጣለሁ። ሳልቡታሞል የሚባለው ደግሞ ደረቴ ሲጠብ ብቻ ነው። መሳቡ ስላቃተኝ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በስታ ፓፉን ሰካችበትና በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብዬ እንድስብ አሳየችኝ፣ እስከዛሬም እንደዚያው ነው የማደርገው። ዘሃራ ከሞጣ ለልጄ ደውላ ስለነበር፣ ቤት ስገባ የጭዱ ፍራሽ ወጥቶ የስፖንጅ ፍራሽ ገብቶ ነበር፣ ትዕግሥትም ከመደቡ ወርዳ ወደ አልጋችን ተመለሰች። ዘንድሮ ላንቃዬን ሲበላኝ ሳል እስኪመጣ ሳልጠብቅ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ጤፍ ሲወቃም አውድማው ዘንድ አልደርስም።

እግዚአብሔር ይመስገን። ለያቺ ሐኪምና ለዘሃራ ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተም በየዓመቱ ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ ሳል ካላችሁ ጭስ ላይ አታጎንብሱ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ታዩ። ነቀርሳም ቢሆን መድኃኒት አለው ብላኛለች ሐኪሟ። መደበቁ ነው የጎዳኝ።

ትዕግሥት እዚህ ስትደርስ ቀና ብላ፣ «እኔ እንደማላንኮራፋም ልጻፈው?» አለችኝ።

ጻፊው አልኳት። አታንኮራፋም።