ዝም በይ ያልኳት ልጅ

ይህ የሆነው ካርቱም ጦርነት ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ቢሆንም ያንን ዓርብ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ በራሴ አፍ ልናገረው።

ካፉሪ በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ዓርብ ዓርብ እረፍቴ ስለሆነ ጀሪፍ በሚባል ሌላ ሰፈር ከሁለት የወሎ ሴቶች ጋር በተከራየኋት ክፍል እውላለሁ። በዕድሜ ስለምበልጣቸውና አፌም ስለማያርፍ፣ ከባሏ የተጣላችውም እናቷ የተቀየመቻትም ምክር ፍለጋ ወደ እኔ ነበር የምትመጣው። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ መልሱ አፌ ላይ ነው።

አብረውኝ ከሚኖሩት አንዷ ሉባባ ትባላለች፤ የሃያ ዓመት ልጅ ናት። የዚያን ዓርብ ጠዋት ስደርስ እያለቀሰች ጠበቀችኝ። አባቷ ኮምቦልቻ ሱቅ ላለው ሰው ሊድሯት ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ደውለው ፈቃዷን ይጠይቋታል፤ በማግስቱ እሷ እዚሁ ካርቱም እያለች ኒካሁ አባቷ ባሉበት ይታሰራል።

"እትዬ ብርቄ፣ ሰውየውን አይቼውም አላውቅ። አልፈልግም። ግን አባቴን እንዴት አድርጌ እምቢ እላለሁ?" አለችኝ።

እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ ክርስቲያን ነኝ። ስለ ኒካህ የማውቀው ነገር የለም። ይህ ግን ከመምከር አላገደኝም።

"እምቢ አትበያቸው፤ ይቀየሙሻል። እሺም አትበይ። ዝም በይ። እሺ ያላለችን ልጅ ማን ይድራታል? ሲሰለቻቸው ይተዉታል" አልኳት።

ስልኩ ተደወለ። ድምፁን ከፍ አድርገን መሀላችን አስቀመጥነው። አንድ ሽማግሌ ሰላምታ ካበዙ በኋላ ፈቃዷን ጠየቋት። ሉባባ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ዝም አለች። ደግመው ጠየቋት፤ ዝም። እኔ "በርቺ" ለማለት ራሴን እነቀንቃለሁ። ሦስተኛ ሲጠይቋትም ትንፍሽ አላለች። ይሄኔ ከወዲያ ማዶ "አልሐምዱሊላህ" ተባለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ እልልታው ቀለጠ። ስልኩም ተዘጋ።

ግራ ገብቶን ስንተያይ ሌላዋ አብራን የምትኖረው ፋጡማ ከውጭ ገባች። እልልታውን በር ላይ ሰምታ ኖሮ "መብሩክ! መብሩክ ያ ሉባባ!" ብላ ጥምጥም አለችባት።

"የምን እንኳን ደስ አለሽ ነው? መች እሺ አለች?" አልኳት።

"ዝም አላለችም እንዴ? አግብታ የማታውቅ ልጅ ተጠይቃ ዝም ካለች አፍራ ነው፤ ፈቅዳለች ማለት ነው። ይሄንን ማን ያጣዋል?"

ሉባባ አጥታዋለች፤ ገና በልጅነቷ ነው ከአገሯ የወጣችው። ለእኔማ ማን ይነግረኛል? ልጅቷን አፏን አዘግቼ ልድራት ነበር።

ፋጡማ ነገሩ ሲገባት "ያላ፣ ደውሉ! ኒካሁ ሳይታሰር ትናገር። ከታሰረ በኋላ ትልቅ ችግር፣ ትልቅ ሙሽኪላ ነው" አለች። ስልኩን ከሉባባ ተቀብዬ ለአባቷ እኔ ደወልኩ። አይነሳም። ደግሜ ሞከርኩ። በአራተኛው አባቷ አነሱት።

"ጋሽ ይመር፣ ከልጅዎ ጋር የምኖር ነኝ። ቅድም ዝም ያለችው ፈቅዳ አይደለም። ዝም በይ ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ደንባችሁን አላወቅኩም፤ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

ስድብ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ግን "በይ ልጄን አቅርቢልኝ" አሉ።

"ሉባባ፣ በአፍሽ ንገሪኝ። ትፈልጊዋለሽ?"

"አልፈልግም፣ አብዬ" አለች። ድምፅዋ እንደ ምንም ነው የተሰማው።

"ታዲያ ይሄን ለማለት ነው የፈራሽኝ? አብሽሪ። ሽማግሌዎቹን እኔ እመልሳለሁ። ማፈሩን ለእኔ ተይው።"

ኒካሁ ቀረ። ጦርነቱ ሲመጣ ሉባባ በመተማ በኩል ወጥታ የገባችው እዚያው አባቷ ቤት ነው። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን፤ ደህና ናት።

እኔ ዛሬም መምከር አላቆምኩም፤ አመሌ ነው። የሚያሳፍረኝ ደንቡን አለማወቄ ብቻ አይደለም። ጋሽ ይመርን አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ሳልሰማ፣ እምቢታ የማይሰሙ ጨካኝ አድርጌ ነበር የቆጠርኳቸው። አባት ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ስዳር አይሰማኝም ብዬ አባቴ ፊት አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ትዳሩም ትዳር አልሆነልኝ። "ማፈሩን ለእኔ ተይው" ሲባል ከሰማሁ ወዲህ፣ ያኔ ብናገር አባቴስ ምን ይለኝ ነበር እላለሁ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል።