ንጹህ ነው የሚለው ስክሪን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አክስቴን እትዬ ዘነበችን ልጠይቃት ቂርቆስ ወረድኩ። ቤቷ ወንዙ ዳር ነው። አስም አለባት። ስገባ መስኮቱን ሁሉ ዘጋግታ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ቁጭ ብላለች... ሽታው ግን ቤት ውስጥም አለ። የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት።

«ምንድነው ይኼ?» አልኳት።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ከላይ ያለው ሆቴል ከእንግዲህ ቆሻሻ አይለቅም ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ብያታለሁ። ሥራዬ ማሽን ራሱን በራሱ እንዲቆጣጠር ማድረግ ነው። ካዛንቺስ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ላይ መቆጣጠሪያ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ገንዳው ውስጥ የተነከረ፣ የውሃውን ንጽህና የሚለካ ሴንሰር አለ። ውሃው ቆሻሻ ከሆነ ለማጣራት አየር የሚነፋበት ሞተር ይነሳል፣ ወደ ወንዙ የሚወስደው መውጫ ይዘጋል። ሲጣራ ሞተሩ ያርፋል፣ መውጫው ይከፈታል። መብራት አይባክንም፣ ወንዙም አይበከልም። ማለቴ... ኮርቼበት ነበር።

«ከሌላ ቦታ የመጣ ይሆናል» ብያት በእግሬ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ።

ሥራ አስኪያጁ ሎቢው ውስጥ ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ መጣ። «ኢንጂነር! ያንተ ማሽን እኮ ተአምር ነው! የመብራት ወጪያችን እንዴት እንደወረደ ብታይ! ተቆጣጣሪዎች መጥተው አመስግነውን ነው የሄዱት።»

«እስቲ አንዴ ልየው» አልኩት።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ማጣሪያ ወረድን። ገና ደረጃው ላይ ያ ሽታ ተቀበለኝ። ገንዳው ጥቁር ነው። ሞተሩ ጸጥ ብሏል። መውጫው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ግን አረንጓዴ አብርቶ «ንጹህ» ይላል።

ተበላሽቶ መሰለኝ። የሴንሰሩን ሽቦ በዓይኔ ተከተልኩት። ገንዳው ውስጥ መግባት ሲገባው በግድግዳው ጥግ ዞሮ... አንድ ሰማያዊ ባልዲ ውስጥ ገብቷል። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ኩልል ያለ ነው። አጠገቡ ባዶ የታሸገ ውሃ ፕላስቲኮች ተደርድረዋል።

እዚያ የሚሠራው ቴክኒሻን፣ ጌታቸው ይባላል፣ ባልዲው ላይ ሳፈጥ ጊዜ የተቆጣሁት በውሃው ጥራት መሰለው።

«አቧራ እንዳይገባበት በየጠዋቱ እቀይረዋለሁ ኢንጂነር» አለኝ።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞርኩ። ትንሽ እንኳን አላፈረም።

«ምን ላድርግ? ሞተሩ ቀንም ሌሊትም ሲጮህ እንግዶች ተማረሩ። መብራቱም በላን። ውሃው ደግሞ ወዲያው ወደ ታች ይሄዳል፣ ማን ያየዋል?»

«ታች ሰው አለ እኮ!»

«ወንዙን እኔ ነኝ እንዴ ያቆሸሽኩት? ሁሉም አይደል የሚለቅበት?»

ሴንሰሩን ከባልዲው አወጣሁና ቦታው መለስኩት። ጥቂት ቆየና ስክሪኑ ቀላ። መውጫው ተዘጋ። ሞተሩ እያጓራ ተነሳ፣ የማስጠንቀቂያው ደወል መጮህ ጀመረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። ማሽኔ ምንም አልሆነም!

«ዝጋው!» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «ዛሬ ሰርግ አለብኝ፣ ፍሳሹ ወደ ኋላ ቢመለስስ?»

«አልዘጋም።»

«እንግዲያው ውጣልኝ። ለቦሌው ሆቴላችንም ልትሠራልን ነበር፣ እሱንም እርሳው።»

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ዋናው በር ላይ ስደርስ ደወሉ ዝም አለ... ፍሳሹ ስለተጣራ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። አንድ ኃላፊ በጨዋነት አዳመጠኝ። ስጨርስ ብዕሩን አስቀመጠና...

«እነሱ እኮ አርአያ ናቸው። እኛው ራሳችን ሄደን አይተናል» አለኝ።

«ምኑን ነው ያያችሁት?»

«ስክሪኑን።»

«ገንዳውንስ?»

«ወንድሜ፣ ገንዳ ውስጥ መግባት እንዲቀር ነው እኮ ይኼ ቴክኖሎጂ የመጣው!»

አብሮት ያለው ሰውዬ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፣ አቃተኝ። በቃ፣ ተመልሰው ሄደው ገንዳውን ራሱን እንዲያዩ ለመንኩ፤ «ፕሮግራም ሲኖረን» አሉኝ።

ከዚያ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩላት። እኔ ቤት መጥታ እንድትቆይ ለመንኳት። እያሳላት «ሠላሳ ዓመት ከኖርኩበት ቤቴ ሽታ ያባርረኝ?» አለችኝ። አሻፈረኝ አለች።

«ይልቅ ስትመጣ ጄሪካን ውሃ ያዝልኝ። የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ሰነበተ፣ የምጠጣው የለኝም።»

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ... በዚህች ከተማ በየማለዳው ንጹህ ውሃ የሚቀርብለት የእኔ ሴንሰር ብቻ ሳይሆን አይቀርም።