ቆብ ያደረገችው ቡሎን

አማቴ ከይጁቤ አጠገብ ካለው ቀያቸው ወደ ደብረ ማርቆስ የመጡት ለዓይናቸው ነበር። ጥጥ ሲፈትሉ ክሩ እየጠፋባቸው ተቸግረው ነበር። ሐኪሙ የቅርብ ማያ መነጽር አዘዘላቸው። መነጽሩን ባደረጉ ማግስት ቤቴን እንደ አዲስ አገር ይዞሩት ጀመር። የስኳሩን ቅንጣት፣ የመዳፋቸውን መስመር፣ ግድግዳ ላይ የምትሄደውን ጉንዳን ሳይቀር ቀረብ ብለው ያያሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን የመድኃኒት ካርቶን አንስተው "ይቺ ፊደል ያቺኛዋን ትመስላለች፣ አይደል?" ይሉኛል።

ባለቤቴ በዚያ ወር ለሥልጠና ባሕር ዳር ስለነበር ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በትዳር አምስት ዓመት ስኖር ከአማቴ ጋር ለብቻችን አንድ ቀን ውለን አናውቅም። እንከባበራለን። ከሰላምታና ከምግብ ያለፈ ወሬ ግን አልነበረንም። እኔን የመጽሐፍ ሰው አድርገው ነው የሚያዩኝ፤ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ።

ከመጡ በሦስተኛው ቀን መኪናችን ላይ ቀይ መብራት በራ። የፍሬን ዘይት ጎድሏል ማለት ነው። ሞላሁት። ብዙም ሳይቆይ እንደገና በራ። ፔዳሉ ሲረገጥ ደህና ነው፤ ዘይቱ ግን የት እንደሚሄድ አልገባኝም። ፈራሁና መኪናዋን ግቢ አቁሜ በእግሬ ትምህርት ቤት መመላለስ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አማቴ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይቺ መኪና ከኋላ በግራ እግሯ በኩል ታለቅሳለች።"

ጎማው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል እርጥበት ነበረች።

"ማታ ዘንቧል እኮ፣ እማማ። ውኃ ይሆናል።"

"ውኃማ ሌላው ድንጋይ ላይ ደርቋል። ይሄ ለምን አልደረቀም?"

ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩትና አሻሹት። ያሙለጨልጫል፤ ግን እንደ ሞተር ዘይት አይጠቁርም። ከዚያ በጣሳ ውኃ አምጪ አሉኝና ቀስ አድርገው አፈሰሱበት። እርጥበቱ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ሄደ።

"ዘይት ቢሆን ከውኃ ጋር መች ይስማማል?" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ ከውኃ ጋር ይዋሃዳል። የሆነ ቦታ አንብቤው ነበር፤ ለመፈተን ግን አስቤ አላውቅም። እጃቸውን በሳሙና አስታጠብኳቸውና ጓሮ ያለውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖረውን የባጃጅ ሹፌር ልጠራው ሄድኩ።

ሹፌሩ ክሪክ ይዞ መጣ። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደግፎ መኪናዋን አነሣና ጎማውን ፈታ። ፍሬኑን የሸፈነው ከበሮ ጀርባው ሁሉ ጭቃና አቧራ የተጋገረበት፣ የወዛ ነበር።

"ከውስጥ ነው የሚያፈስሰው" አለ። "ከበሮው መከፈት አለበት።"

"ከውስጥ መሆኑን በምን አወቅህ?" አሉት አማቴ።

"አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው፣ እማማ።"

"እኔ መች አየሁትና። እንዲያው ብጠይቅ ነው።"

ሹፌሩ ፈገግ አለና የቡሎን መፍቻውን አስቀመጠ። እኔ ጭቃውን ጠርጌ ሁሉንም በጨርቅ አደረቅሁ። አማቴ ወደ ቤት ገብተው በጭልፋ የስንዴ ዱቄት ይዘው ወጡ። ድፍድፍ የሚያንጠባጥብ ጋን ሲኖር ዱቄት ነስንሰው ስንጥቁን እንደሚያገኙት ነገሩንና ጀርባውን በሙሉ አለበሱት። እኔ መሪው ጋ ገብቼ ፔዳሉን ረገጥኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"እንዳትለቂው" አሉኝ። ወደ ዱቄቱ ጎንበስ አሉ። "ሌላው ነጭ ነው። ከዚህች ቆብ ካደረገችው ሥር ግን ረጠበ።"

ወርጄ አየሁ። ከከበሮው ጀርባ፣ ከላይ፣ የጎማ ክዳን ያደረገች ትንሽ ቡሎን አለች። ፍሬን ውስጥ አየር ሲገባ የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። ሹፌሩ ክዳኗን ሲነቅላት በዘይት ተሞልታ ነበር። ዘይቱ እዚያ ውስጥ እየተጠራቀመ፣ ሲተርፍ ወደ ታች ይወርድና ከውስጥ የመጣ ይመስላል።

"እኔማ ከበሮውን በከንቱ ልከፍተው ነበር" አለ ሹፌሩ፤ ደስ ብሎት ነው የተናገረው።

ቡሎኗን በጥቂቱ አጠበቃት። "ከዚህ በላይ ካስጨነቅናት ትሰበራለች" አለን። ጠርገን ዱቄት ጨመርንባት። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አማቴ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ሄደው አዩ። እንደገና ረጥባለች።

ስለዚህ መፍታት ግድ ሆነ። ሰኞ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ሹፌሩ አዲስ ቡሎን ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝቶ መጣ። አሮጌዋን ፈትቶ መዳፌ ላይ አኖራት። ጫፏ እንደ እርሳስ የሾለ ነው፤ ያ ሹል ነው ዘይቱን የሚደፍነው። እኔ ምንም አልታየኝም። አማቴ ወደ ብርሃን አዙረው ከአዲሷ ጎን ያዟት።

"ይቺ ጠባሳ አላት" አሉ።

በጥፍሬ ስዳስሰው አገኘሁት። ከፀጉር የማይወፍር ጭረት ከሹሉ ወደ ላይ ይሄዳል። የእግርን ኃይል ሁሉ የተሸከመ ዘይት፣ በዚያ ጭረት በኩል ጠብታ በጠብታ ያመልጥ ነበር። በፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል እያልኩ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ይህን ግን በጥፍሬ ነክቼው አላውቅም ነበር።

አዲሷ ከገባች በኋላ ሲፈታ የገባውን አየር ማስወጣት ቀረ፤ እሱ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሹፌሩ ስልክ ተደውሎለት ወደ ሥራ ሲሮጥ አሠራሩን አሳይቶኝ ሄደ። አማቴን መሪው ጋ አስቀመጥኳቸው። በሹፌር ወንበር ተቀምጠው አያውቁም። እኔ ቡሎኗ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰክቼ ሌላውን ጫፍ ዘይት ባለበት የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ።

"ይርገጡት፣ እማማ። ረግጠው ይያዙ።"

"ያዝኩ።"

ቡሎኗን ፈታ አደረግሁ። ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ተንቦጫቦጨ።

"ልጄ፣ ወለሉ ድረስ ሄደብኝ። ሰበርኩት መሰለኝ።"

"አልሰበሩትም። ስከፍተው ዘይቱ መውጫ አገኘ፣ ለዚያ ነው።" ዘጋኋት። "አሁን ይልቀቁ።"

ጥቂት ጊዜ እንዲህ አደረግን። በመሐል እየተነሣሁ የጎደለውን ዘይት እሞላለሁ። ከዚያ አማቴ በሩን ከፍተው ወረዱ።

"እኔ እየረገጥኩ አንቺ ብቻ ነሽ የምታይው። እኔም ልየው።"

ቦታ ተለዋወጥን። የቡሎኗን መፍቻ እንዴት እንደሚያዞሩት አሳየኋቸውና መሪው ጋ ገባሁ። ከኋላ ድምፃቸው ይመጣል፤ "ርገጪ። ያዢ።" ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሲሰጥም ይሰማኛል። "ዘጋሁ። ልቀቂ።" በየመሐሉ ያዩትን ይነግሩኛል፤ "ትልቅ ወጣች"፣ "አሁን ደግሞ ጤፍ የምታህል"፣ በመጨረሻም "አረፋ የለም፤ ጥሩ ሆኖ ወረደ።" ፔዳሉ ከእግሬ በታች እንደ ድንጋይ ጠነከረ።

ማታ ለባለቤቴ በስልክ ነገርኩት።

"ፍሬኑን ማን ረገጠልሽ?" አለኝ።

"እናትህ።"

"ስጫቸው እስቲ" አለኝ። አማቴ ስልኩን ተቀብለው ስለ ጤናው ጠየቁትና ወዲያው ጭረቱ ምን እንደሚያህል ያስረዱት ጀመር።

ለብዙ ቀን ከተማ ውስጥ ቀስ እያልኩ ሞከርኩት፤ ዘይቱ አልጎደለም። ከዚያ ወደ ይጁቤ ወሰድኳቸው። ቁልቁለት በደረስን ቁጥር "አሁን ዘይቱ ወደ አራቱም እግር እየሄደ ነው?" ይሉኛል፤ አዎ እላቸዋለሁ። ከገበያ የሚመለሱ አህዮች መንገዱን ሲዘጉ ጠንከር አድርጌ ረገጥኩ፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። አህዮቹ እስኪያልፉ ጠበቅን።

"ያን ጠባሳ ግን ምን አመጣው?" አሉኝ ስንነሣ።

ሹፌሩ አሸዋ ገብቶ ይሆናል ብሎ ነበር። እኔ ዝገት መስሎኝ ነበር። ቤታቸው እስክንደርስ ስንከራከር ሄድን።